ኦቭን የማይፈልግ የፋሲካ ጣፋጭ፦ የማርሽማሎውና የሩዝ ሲሪያል ባር

ቅቤ፣ ማርሽማሎውና የፈነዳ የሩዝ ሲሪያል። የማርሽማሎው ባር የሚባለው ጣፋጭ ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላ አይጠይቅም፤ ኦቭንም አያስፈልገውም። ቅቤው በድስት ይቀልጣል፤ ማርሽማሎው ቅቤው ላይ ተጨምሮ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ ሲሪያሉ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይዋሐዳል፤ ውሁዱ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ በቢላ ይቆረጣል። የምድጃው ሥራ ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በሰሜን አሜሪካ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ከሚሠሯቸው ቀላል ጣፋጮች አንዱ ይኸው ነው። የጸደይ ወራት ሲመጣም በእንቁላል፣ በወፍ ጎጆና በጫጩት ቅርጽ እየተሠራ በፋሲካ ገበታ ላይ ይቀርባል።

አሠራሩ አጭር ነው ማለት ግን እንደ ተሠራ ያምራል ማለት አይደለም። ያው ግብዓት፣ ያው ልኬት በአንዱ ቤት ለስላሳ ባር ሲወጣው፣ በሌላው ቤት ጥርስ የሚያደክም ደረቅ ነገር ይሆናል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የእሳቱ መጠንና ትሪው ላይ ሲዘረጋ የሚያርፍበት የእጅ ጫና። እሳቱ ሲለዝብና እጅ ሲቀል ባሩ ይለሰልሳል። ምክንያቱ የሚገኘው ከግብዓቶቹ ባሕርይ ነው።

የጣፋጩ መነሻ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ባትል ክሪክ ከተማ ይገኝ የነበረው የኬሎግ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ራይስ ክሪስፒስ የተባለውን የሩዝ ሲሪያል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ በኩባንያው የሆም ኢኮኖሚክስ ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሚልድረድ ዴይና ማሊታ ጄንሰን ሲሪያሉን በቀለጠ ማርሽማሎውና ቅቤ አጣብቀው ዛሬ የሚታወቀውን ባር ሠሩ። ጣፋጩ የታሰበው ካምፕ ፋየር ገርልስ የተባለው የልጃገረዶች ማኅበር ለሥራው ማስኬጃ ገንዘብ እንዲያሰባስብበት ነበር። የፈነዳ እህልን በሞላሰስ የሚያጣብቁ ጣፋጮች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ማርሽማሎው ግን ሽሮፕ የማፍላቱን ድካም አስቀረ። ብዙም ሳይቆይ አሠራሩ በሲሪያሉ ካርቶን ላይ ታትሞ ወጣ፤ ሲሪያሉን የገዛ ሁሉ አሠራሩንም አብሮ አገኘ። ባሩ በአጭር ጊዜ ከቤት ቤት የተዳረሰውም በዚህ ነው።

ማርሽማሎው ከአራት ነገሮች የሚሠራ አረፋ ነው፤ ከስኳር፣ ከበቆሎ ሽሮፕ፣ ከጄላቲንና ከውሃ። ውህዱ በኃይል ሲመታ አየር ይገባበታል፤ ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው አየር ነው። አየሩን አፍኖ የሚይዘው ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከሰውነት ሙቀት ብዙም በማይርቅ ሙቀት፣ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ማርሽማሎውን ለማቅለጥ ኃይለኛ እሳት አያስፈልግም። በፊት ማርሽማሎው በእጅ ቅርጽ ማውጫ እየተጨመረ ነበር የሚዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አሌክስ ዱማክ ውህዱን በቱቦ እየገፋ የሚያስወጣና እኩል እኩል የሚቆርጥ አሠራር በፓተንት አስመዘገበ። በየሱቁ የሚታየው ክብ ማርሽማሎው የዚህ አሠራር ውጤት ነው።

ሲሪያሉ የተቀቀለና የደረቀ ሩዝ በኃይለኛ ሙቀት ሲነፋ የሚገኝ ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው ክፍተት ቀጭን ግድግዳ አለው፤ ሲነከስ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ግድግዳ መሰበር ነው። ፍሬው በጣም ደረቅ በመሆኑ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይመጥጣል። ከአየርም ቢሆን፣ ከማርሽማሎውም ቢሆን ውሃ ከወሰደ ይለሰልስና ድምፁን ያጣል። ቅቤው ደግሞ ፍሬውን በስብ ይለብጣል፤ እርጥበቱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ማርሽማሎውም እንደ ሙጫ እንዳይከብድ ያደርጋል።

የኢትዮጵያ ገበያ ላይ የገበታ ቅቤ የሚባለው ጨው የሌለበት ቅቤ ለዚህ ይስማማል። ለጋ ቅቤም ይሆናል፤ ግን አይብና ውሃ ስላለበት ቀልጦ መጠለል አለበት። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ንጥር ቅቤ ግን ሽታው የማርሽማሎውን ጣዕም ስለሚሸፍነው ለወጡ መተው ይሻላል።

ወደ ልኬቱ ከመታለፉ በፊት የጄላቲኑን ምንጭና የጾሙን ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ገበያ በብዙ ማርሽማሎው ውስጥ ያለው ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ የተሠራ ነው፤ በማሸጊያው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ‹‹ጄላቲን›› ከማለት በቀር የእንስሳው ስም አይጻፍም። አሳማ ለማይበሉ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና አይሁድ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሐላል የሚል ምልክት ያለው ማርሽማሎው በአብዛኛው ከከብት፣ ኮሸር የሚል ምልክት ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዓሣ ጄላቲን ይሠራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሱቆች የሐላሉ ዓይነት በስፋት ይገኛል። ከእንስሳ ነፃ የሆነ፣ ከባሕር አረምና ከስታርች በሚገኝ ማጣበቂያ የሚሠራ ማርሽማሎውም አለ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ቅቤም ጄላቲንም ከእንስሳ ስለሚገኙ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ባሩ አይበላም። በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ፋሲካዎች ሲራራቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የምዕራባውያኑ ፋሲካ ማርች 31 ሲውል፣ የኦርቶዶክሱ ሜይ 5 ነበር፤ የአምስት ሳምንት ልዩነት ማለት ነው። በ2025 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 20 ቀን አብረው ዋሉ። ቀኖቹ በሚራራቁበት ዓመት በትምህርት ቤት የሚታደለው ባር ሁዳዴ መካከል ይደርሳል። ያኔ ከእንስሳ ነፃ የሆነውን ማርሽማሎው በቅቤ ፈንታ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቅልጦ የጾም ባር ማዘጋጀት ይቻላል። ይኸኛው ማርሽማሎው ለመቅለጥ ስለሚዘገይ ትንሽ ተጨማሪ ትዕግሥት ይፈልጋል።

እርሳስና ወረቀት ለያዘ አድማጭ፣ ለአንድ ትሪ የሚበቃው ልኬት ይህ ነው። ቅቤ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 42 ግራም ገደማ። ማርሽማሎው 283 ግራም፤ ይህ በቁጥር 40 ያህል ትልልቅ ማርሽማሎው ነው። የሩዝ ሲሪያል 6 ኩባያ፣ በሚዛን 160 ግራም ገደማ። ጣዕሙ እንዲጎላ አንድ ቁንጥር ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ መጨመር ይቻላል። ትሪው ወርዱ 23፣ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ባሩ በመጠኑ ወፈር ይላል። ትሪው ካነሰ ባሩ ይወፍራል፤ ከሰፋ ይሳሳል፤ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሥራው የሚጀምረው ከምድጃው አይደለም። መጀመሪያ ትሪው ቅቤ ይቀባል ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍበታል። ቀጥሎ ሲሪያሉ ተለክቶ በሳህን ይቀመጣል። ማርሽማሎው ከእሳት ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ መጠንከር ስለሚጀምር፣ ትሪ ፍለጋና ልኬት ለዚያ ሰዓት መተው የለበትም።

ከዚያ ወፍራም ቂጥ ያለው ሰፊ ድስት በለዘበ እሳት ላይ ይጣዳል። ቅቤው ይገባና ሳይጠቁር ይቀልጣል። ማርሽማሎው ይጨመርና በእንጨት ማንኪያ ወይም በሲሊኮን ማማሰያ ሳይቋረጥ ይማሰላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙም ለውጥ አይታይም። ቀጥሎ የማርሽማሎዎቹ ጠርዝ ይለሰልሳል፤ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ከታች ነጭ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ መውጣት ይጀምራል። ማንኪያው ከፍ ሲል ረዥም ክር ይከተለዋል። ትልቁ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ የዘገየ ስለሚመስል እሳቱን ለመጨመር እጅ ይቸኩላል። እሳት ሲጨምር ግን በማርሽማሎው ውስጥ ያለው ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ የቀረው ስኳር ይጠጥራል፤ ባሩ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ይደርቃል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ያልሟሙ እብጠቶች እንደ ቀሩ ድስቱ መውረድ አለበት። የድስቱ ሙቀት እነሱን ማሟሟት አያቅተውም።

ማይክሮዌቭም ለዚሁ ያገለግላል። ቅቤውና ማርሽማሎው በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሆነው 2 ደቂቃ ይሞቃሉ፤ ይማሰላሉ፤ ለ1 ተጨማሪ ደቂቃ ይመለሱና እንደገና እስኪለሰልሱ ይማሰላሉ። ማርሽማሎው በማይክሮዌቭ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚያብጥ ሳህኑ ሰፊ መሆን አለበት።

ድስቱ ከወረደ በኋላ ቫኒላና ጨው፣ ቀጥሎም ሲሪያሉ ይገባል። አገላበጡ ከታች ወደ ላይ በማንሳት ነው፤ እየጨፈለቁ ካማሰሉት ፍሬው ይሰባበራል። ሁሉም ፍሬ ነጭ ልባስ ሲያገኝ ውሁዱ ወደ ትሪው ይገለበጣል። ቅቤ በተቀባ ማንኪያ ወይም በረጠበ እጅ ወደ አራቱም ማዕዘን በቀስታ ይገፋል። እዚህ ላይ ኃይል አይፈለግም። ውሁዱ በጠነከረ እጅ ሲደመደም በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየር ይወጣል፤ ባሩም ጠፍጣፋ ጡብ ይሆናል። ላዩ እኩል እስኪሆን ብቻ መዳበስ ይበቃል። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በክፍል ሙቀት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቅቤ በተቀባ ቢላ በወርዱ 4፣ በርዝመቱ 6 ቦታ ቢከፈል 24 ቁራጭ ይወጣዋል።

ባሩን የጸደይ በዓል መልክ የሚሰጠው ቀለሙና ቅርጹ ነው። ለፋሲካ የሚመረጡት ሮዝ፣ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊና ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው። የምግብ ቀለሙ የሚጨመረው ማርሽማሎው ከቀለጠ በኋላ፣ ሲሪያሉ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሲሪያሉ ከገባ በኋላ ቀለሙ እኩል አይዳረስም። ሁለትና ሦስት ቀለም ለሚፈለግበት ባር ልኬቱ ተከፋፍሎ በየተራ ይቀልጣል፤ አንዱ ቀለም ትሪው ላይ ተዘርግቶ ሌላው ከላይ ይደረባል።

የወፍ ጎጆው እንዲህ ይሠራል። ገና ለብ ያለው ውሁድ ቅቤ በተቀባ የኬክ ኩባያ ውስጥ ይከተታል፤ መሐሉ በአውራ ጣት ተጭኖ ይጎደጉዳል፤ ሲቀዘቅዝ ከኩባያው ይወጣና በጉድጓዱ ውስጥ ሦስት የቸኮሌት እንቁላሎች ይቀመጣሉ። ለእንቁላል ቅርጽ ለሁለት የሚከፈል የፕላስቲክ እንቁላል ውስጡ ቅቤ ይቀባል፤ ውሁዱ ተሞልቶ ሁለቱ ግማሾች ይገጠማሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይከፈታል። በብስኩት መቁረጫ የአበባ ወይም የጥንቸል ቅርጽ ለማውጣት ደግሞ ውሁዱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ይኑረው።

ከቅርጾቹ ሁሉ ከፋሲካ ጋር በጣም የተቆራኘው ጫጩት ነው። በአሜሪካ ፒፕስ የሚባለው የማርሽማሎው ጫጩት በፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተልሔም ከተማ፣ ጀስት ቦርን በተባለ ኩባንያ ይመረታል። ኩባንያው ቀደም ሲል ጫጩቱን ይሠራ የነበረውን ሮዳ የተባለ ድርጅት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ያኔ ጫጩቱ በእጅ እየተጨመቀ አንዱን ለመጨረስ 27 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ማሽን ከገባ በኋላ ሥራው ወደ 6 ደቂቃ ወረደ። ብዙ ቤተሰቦች ይህን ጫጩት በባሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ሌሎች ደግሞ እሱኑ አቅልጠው በተራ ማርሽማሎው ፈንታ ይጠቀሙበታል፤ ባሩም የጫጩቱን ቀለም ይይዛል።

ነጭ ቸኮሌት አቅልጦ በባሩ ላይ ማፍሰስም የተለመደ ነው። ቸኮሌቱ በሚቀልጥበት ሳህን ውስጥ አንዲት የውሃ ጠብታ እንኳ ብትገባ እየተቋጠረ ስለሚበላሽ፣ ሳህኑም ማንኪያውም ፍጹም ደረቅ ይሁኑ።

በሥራው ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች ጥቂት ናቸው፤ ምክንያታቸውም ይታወቃል። ባሩ ከደረቀ እሳቱ በዝቷል፣ አለዚያም ውሁዱ በኃይል ተደምድሟል። ሲቆረጥ ከፈረሰ ሲሪያሉ በዝቷል ወይም ሳይቀዘቅዝ ተቆርጧል። ፍሬው ከለሰለሰ ባሩ ትኩስ ሳለ ተከድኗል፤ የታፈነው እንፋሎት ወደ ሲሪያሉ ተመልሷል። ማርሽማሎው አልቀልጥ ካለ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ደርቋል ማለት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ሲጨመርበት ይለዝባል።

ይህ ጣፋጭ ለደጋ ከተሞች የተለየ ጥቅም አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፈው በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኬክ ሊጥም የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ይወድቃል። ለዚህም በቆላ አገር የተጻፈ የኬክ ልኬት በደጋ ማስተካከያ ይፈልጋል። የማርሽማሎው ባር ግን አይነፋም፣ አይፈላም፤ ስለዚህ ልኬቱ በየትኛውም ከፍታ ያው ነው። ፈተናው ያለው በሞቃትና ወበቃማ ቦታ ነው። በጅቡቲም ሆነ በዱባይ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባር ጄላቲኑ ስለሚቀልጥ ቅርጹን ይለቃል።

ሲሪያል በሌለበት ፈንዲሻ ቦታውን ይሸፍናል። በኢትዮጵያ ቤቶች ፈንዲሻ ከበዓል ቡና ስለማይለይ ግብዓቱ ሩቅ አይደለም። ለተመሳሳዩ የማርሽማሎው መጠን 8 ኩባያ ያህል የፈነዳ ፈንዲሻ ይበቃል። ፈንዲሻው ጨውና ቅመም ሳይነካው ይዘጋጅ፤ ያልፈነዳው ፍሬ ጥርስ ስለሚሰብር አንድ ሳይቀር ይለቀም። ፈንዲሻ በትሪ ከመዘርጋት በእጅ ኳስ ሆኖ ቢድቦለቦል የተሻለ ይያያዛል።

ባሩ ለልጆች የሚመች ሥራ ቢሆንም ክፍፍሉ ግልጽ መሆን አለበት። ሲሪያል መለካት፣ ትሪ መቀባት፣ በመጨረሻ ማስጌጥ የልጆች ነው፤ ምድጃው የአዋቂ ነው። የቀለጠ ማርሽማሎው እንደ ውሃ አይፈስም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ጠልቆ ያቃጥላል። የተቃጠለው ቦታ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር መያዝ አለበት። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ቅቤ መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል። ቃጠሎው ከሰፋ ወይም ፊትንና እጅን ከነካ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ከ4 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሙሉ ማርሽማሎውም ሆነ ትንንሽ የከረሜላ እንቁላሎች ጉሮሮ ሊዘጉ ስለሚችሉ አይሰጧቸውም። ሩዝ ግሉተን የለበትም ተብሎ ሲሪያሉም እንደዚያው ይታሰባል፤ ብዙዎቹ የሩዝ ሲሪያሎች ግን በገብስ ብቅል ይጣፍጣሉ። ሲሊያክ የተባለው ሕመም ላለበት ሰው ‹‹ግሉተን የሌለው›› የሚል ጽሑፍ ያለበትን መምረጥ ግድ ነው።

ስኳሩም ቀላል አይደለም። በተሰጠው ልኬት ከተቆረጡት 24 ቁራጮች እያንዳንዱ 7 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህ ሁለት የሻይ ማንኪያ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው፤ ቸኮሌትና ከረሜላው ሲታከል ደግሞ ይጨምራል። ባሩን በትንሹ ቆርጦ ከምግብ በኋላ ማቅረብ፣ ለልጅም አንድ ቁራጭ መወሰን ተገቢ ነው።

ባሩ በጣም የሚጥመው በተሠራበት ቀን ነው። አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በየድርድሩ መካከል ወረቀት ገብቶ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ 2 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አይመከርም። ለበዓሉ አስቀድሞ መሥራት ከተፈለገ በፍሪዘር እስከ 6 ሳምንት ይቀመጣል፤ ከመቅረቡ 15 ደቂቃ በፊት ወጥቶ በክፍል ሙቀት ሲለዝብ ለገበታ ይደርሳል። የቸኮሌት ጌጡና የከረሜላ እንቁላሉ ግን ከፍሪዘር ከወጣ በኋላ ቢጨመር ቀለሙ አይለቅም።